ከአናታችን በላይ የሚያልፈው ፑልሳር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ግዙፍ ኮከብ ፈንድቶ ሲያልቅ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ፑልሳር ነው፦ በፍጥነት የሚሽከረከር፣ የሬዲዮ ጨረሩ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር አንድ ምት የሚያሰማ የኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም እጅግ የታመቀ የኮከብ ቅሪት። ራስ በሠሩት አንቴና ይህን ምት ስለ መቅዳት የደረሱንን ጥያቄዎች ዛሬ እንመልሳለን። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ፑልሳር ለመቅዳት ትልቅ ሳህን ያስፈልጋል ይባላል። እኛ ያለን ስምንት በስምንት ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታና ሽቦ ነው። ይቻላል? በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንጀምር? (የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል። የመጀመሪያው ፑልሳር የተገኘውም በሳህን ሳይሆን በሽቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ አጠገብ ሁለት ሄክታር በማይሞላ ሜዳ ላይ 2048 ዳይፖሎች (መሃላቸው ላይ ገመድ የሚገናኝባቸው ባለሁለት ክንድ ቀጥ ያሉ ሽቦዎች) ተተክለው ነበር። ጆሴሊን ቤል በየ1.337 ሰከንዱ የሚመላለሰውን ምት ያገኘችው በዚያ አንቴና፣ በ81.5 ሜጋኸርዝ ነው። ሥራውን የሚመራው አንቶኒ ሂዊሽ ነበር።

ፍሪኩዌንሲ ስትመርጡ ሦስት ነገሮች ይጓተታሉ። አብዛኞቹ ፑልሳሮች ፍሪኩዌንሲው በወረደ ቁጥር ይደምቃሉ፤ ይህ ለእናንተ ይጠቅማል። ሰማዩም ግን አብሮ ይደምቃል። የሰማዩን ሙቀት፣ ማለትም በኬልቪን የሚለካውን የሬዲዮ ጫጫታውን፣ በግርድፉ ለማወቅ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ በ2.55 ኃይል ከፍ አድርጉና በ60 አባዙት። በ408 ሜጋኸርዝ 27 ኬልቪን ያህል ይሆናል፣ በ150 ሜጋኸርዝ 350፣ በ50 ሜጋኸርዝ ደግሞ ወደ 5800 ይደርሳል። ሦስተኛው ጉዳይ ስፋት ነው። የዳይፖሎቹ ቁጥር እስካልተለወጠ ድረስ የምትሰበስቡበት ስፋት ከሞገዱ ርዝመት ካሬ ጋር ያድጋል። 16 ዳይፖሎች በ408 ሜጋኸርዝ 4 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆኑ በ150 ሜጋኸርዝ 31 ካሬ ሜትር ይሆናሉ።

ስለዚህ ሳህን ያለው ሰው ወደ 408 ሜጋኸርዝ ቢሄድ ያዋጣዋል፤ ሽቦ ያለው ግን ወደ 150 ይውረድ። ከ100 በታች መውረድን አንመክርም። የኤፍኤም ጣቢያዎች ጎረቤት ይሆናሉ፣ የሰማዩም ጫጫታ ያገኛችሁትን ጥቅም መልሶ ይበላዋል። አፍሪካና አውሮፓ ባሉበት የዓለም የሬዲዮ ክልል ከ150.05 እስከ 153 ሜጋኸርዝ ያለው ለሬዲዮ አስትሮኖሚም የተመደበ ነው። መመደቡ ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ በእጅ የሚያዙ የመገናኛ ሬዲዮዎች እዚያው አካባቢ ይሠራሉ። አንቴናውን ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ዳይፖል ሰቅላችሁ ሁለትና ሦስት ሌሊት ስፔክትረሙን ቅዱና ጸጥ ያለውን 2 ሜጋኸርዝ ምረጡ።

ጥያቄ፦ የትኛው ፑልሳር ይሻለኛል? በየቦታው ቢ0329+54 እና ቬላ ሲባሉ እሰማለሁ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱም ዝነኞች ናቸው፣ ሁለቱም ከእርስዎ ዘንድ ይታያሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን ሌላ እንመርጥልዎታለን።

ቢ0329+54 በሰሜኑ ሰማይ እጅግ ደማቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ400 ሜጋኸርዝ 1.5 ጃንስኪ (የሬዲዮ ድምቀት መለኪያ) ያህል ሲሆን ዑደቱ፣ ማለትም ከምት እስከ ምት ያለው ጊዜ፣ 0.7145 ሰከንድ ነው። ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ ሲታይ ግን ከሰሜን አድማስ በላይ 43 እና 44 ዲግሪ ላይ ስለሚያልፍ አንቴናው ወደዚያ መዞር አለበት። ቬላ ከዚያም ይበልጥ ደማቅ ነው፤ በደቡብ በኩል 36 እና 38 ዲግሪ ድረስ ይወጣል። የቬላ ችግር በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መበላሸቱ ነው። በመንገዱ ያለው ጋዝ ምቱን ስለሚበትነው እያንዳንዱ ምት ረጅም ጅራት ያወጣል። ጅራቱ ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲቀንስ አሥራ ስድስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ የቬላ ዑደት ደግሞ 89 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ከ200 ሜጋኸርዝ በታች ጅራቱ የዑደቱን ብዙ ክፍል ስለሚሸፍን ምቱ ከመሃል ይጠፋል።

የእኛ ምርጫ ቢ0950+08 ነው። በአሰድ ኮከቦች ሠፈር ይገኛል፤ ርቀቱ 850 የብርሃን ዓመት ያህል፣ ዑደቱ 0.253065 ሰከንድ ነው። በ150 ሜጋኸርዝ በአማካይ 2 ጃንስኪ ይጠጋል። ዋናው ነገር ዴክሊኔሽኑ (ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት) ነው፦ ሲደመር 7 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ። አዲስ አበባ ላይ ከአናት 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል፣ ሐዋሳ ላይ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ወደ ሰሜን፣ ባሕር ዳር ላይ 3.7 ዲግሪ፣ መቀሌ ላይ 5.6 ዲግሪ ወደ ደቡብ። ከዚህ በታች የምንገልጸው አንቴና የእይታ ስፋቱ 18 ዲግሪ ስለሆነ መሬት ላይ ጠፍጣፋ አስተኝተው ወደ ላይ ቢያስመለክቱት ይበቃል። ማዞሪያ ሞተር አያስፈልግም። ፑልሳሩ ራሱ መጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ በእይታው ውስጥ ያልፋል። አውሮፓ ያሉ አማተሮች ይህን ዕድል በዚህ ፑልሳር አያገኙም።

ወቅቱንም ያስቡበት። የካቲት 10 ግድም ፑልሳሩ ከአናት በላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ30 አካባቢ ነው። በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማል፤ ስለዚህ በጥር መጀመሪያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ፣ በሚያዝያ 10 ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት ከ35 ላይ ያገኙታል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል፦ ሌሊቱ የጠራ ነው፣ መብረቅም እምብዛም የለም። በነሐሴ ፀሐይ እዚያው ሠፈር ትገባለች፤ ያኔ አንቴናውን መጠገን ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንቴናውን በዝርዝር ንገሩን። ከሳህን ቴሌቪዥን ዕቃ መጠቀም ይቻላል? (ከአዲስ አበባ እና ከጎንደር)

መልስ፦ የተወሰነውን፣ አዎ።

16 ዳይፖሎች በአራት ረድፍ አራት አራት ሆነው ይቆማሉ። በዳይፖሎቹ መካከል ያለው ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ 1.4 ሜትር ይሁን። ለ151.5 ሜጋኸርዝ እያንዳንዱ ዳይፖል ከጫፍ እስከ ጫፍ 94 ሴንቲሜትር ነው፤ 6 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ዘንግ ወይም ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይሆናል። መሬት ላይ 7 በ7 ሜትር የሽቦ መረብ ያንጥፉ፤ የዶሮ ሽቦ ይበቃል፣ ቀዳዳው ከ10 ሴንቲሜትር እስካልበለጠ ድረስ። ሲደራረብ ጠርዙ በየቦታው ይታሰር። ዳይፖሉ ከመረቡ 50 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ መጋጠሚያው ላይ ያለው ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ከ75 ኦም ብዙ ስለማይርቅ ተራው አርጂ-6 የቴሌቪዥን ገመድ በቀጥታ ይገጥማል። ከመጋጠሚያው ሥር ገመዱን በሁለት ወይም ሦስት የፌራይት ቀለበት ያሳልፉት፤ ይህን የዘለለ ሰው ገመዱ ራሱ አንቴና ሆኖበት የቤቱን አምፖል ጫጫታ ሁሉ ይቀዳል።

እያንዳንዱ ረድፍ አራት እኩል ገመድ ይዞ ወደ አንድ ባለአራት መውጫ ስፕሊተር ይገባል፤ ስፕሊተሩ እዚህ በተገላቢጦሽ አዋህዶ ያወጣል። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። ከ5 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ የሚል መሆን አለበት። ለሳህን ብቻ የተሠራው ከ950 ይጀምራል፤ በ150 ሜጋኸርዝ ሲግናሉን ውጦ ያስቀረዋል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከስፕሊተሩ ቀጥሎ ዝቅተኛ ጫጫታ ያለው አምፕሊፋየር ይገጠማል። ኤስፒኤፍ5189ዜድ የሚባለው ቺፕ ያለበት ርካሽ ሰሌዳ ይበቃል። መግቢያው 50 ኦም ነው፤ ከ75 ጋር መቀላቀሉ የሚያጠፋው 0.2 ዴሲቤል ስለማይሞላ አያስጨንቅዎ። ከአራቱ አምፕሊፋየሮች እኩል ርዝመት ያላቸው አራት ገመዶች ወደ ሁለተኛ ስፕሊተር ይሄዳሉ፤ ከዚያ የኤፍኤም ማገጃ ፊልተር፣ ከዚያ ሁለተኛ አምፕሊፋየር፣ በመጨረሻ ተቀባዩ። ከተማ ውስጥ ኤፍኤሙ ኃይለኛ ከሆነ ማገጃውን ከመጀመሪያው አምፕሊፋየር በፊት ያምጡት።

የገመድ ርዝመት ልዩነት ያን ያህል አያሳስብም። 5 ሴንቲሜትር ቢዛነፍ የፌዝ ስሕተቱ 11 ዲግሪ ያህል ነው፣ ጉዳቱ ኢምንት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ የገመዱ መሃል ሽቦ የሚገናኝበት ክንድ። ዳይፖሎቹን ምሥራቅና ምዕራብ ከዘረጉ መሃል ሽቦው በሁሉም ላይ ወደ ምሥራቁ ክንድ ይሂድ። ከ16 አንዱ ቢገለበጥ ከኃይሉ 23 በመቶ ይጠፋል፤ አራቱ ቢገለበጡ የሚቀርዎ ሩቡ ብቻ ነው። ደግሞ ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም፣ ጫጫታው እንደ ወትሮው ይሰማል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሰማዩ 350 ኬልቪን፣ ገመድ፣ ስፕሊተርና አምፕሊፋየር ተደምረው 150 ቢጨምሩ ጠቅላላው 500 ነው። በ31 ካሬ ሜትር ስፋት ይህ ጫጫታ 44,500 ጃንስኪ ያህል ይመዝናል። ፑልሳሩ 2 ጃንስኪ ነው። አይደንግጡ፤ 2 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ ይዘው አንድ ሰዓት ቢቀዱና ምቶቹን ቢደራርቡ፣ ምቱ የዑደቱን ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሚይዝ፣ ሲግናሉ ከጫጫታው 15 እጥፍ በላይ ይወጣል። ይህ የወረቀት ነው። በተግባር ግማሹን ያገኘ ሰው በደንብ ሠርቷል።

ፑልሳሩን ከመፈለግዎ በፊት አንቴናውን በፍኖተ ሐሊብ ይፈትኑት። 24 ሰዓት ሙሉ የጠቅላላ ኃይሉን መጠን ብቻ ይቅዱ። በኮከብ ሰዓት (ከእኛ ሰዓት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል በሚቀድመው የሰማይ ሰዓት) 19 አካባቢ ትልቅ ጉብታ፣ ወደ 6 ሰዓት ተኩልና 7 ሰዓት ላይ ደግሞ አነስ ያለ ሌላ ጉብታ ሊያዩ ይገባል፤ ጋላክሲያችን ከአናት በላይ የሚያልፈው በእነዚህ ሰዓቶች ነው። በማግስቱ ጉብታው 4 ደቂቃ ቀድሞ መምጣት አለበት። ካልታየ ፑልሳሩ ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ ወደ ገመዶቹ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ አርቲኤል-ኤስዲአር በሚባለው ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ርካሽ የሬዲዮ ተቀባይ አንድ ሰዓት ቀድቼ ዲስኬ ሞላ፣ ውጤትም የለም። ፕሬስቶ በሚባለው የፑልሳር መፈለጊያ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ምን አጠፋሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዲስኩ የሞላው ጥሬውን ስላስቀመጡ ነው። በሰከንድ 2 ሚሊዮን ናሙና ማለት በሰዓት 14.4 ጊጋባይት ነው። እየቀዱ ወደ 32 ቻናል ይክፈሉት፤ የእያንዳንዱን መጠን ካሬ (ኃይሉን) አውጥተው 64 ስፔክትረም እያማከሉ ያስቀምጡ። አንዱ ናሙና 1.024 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ፋይሉም በሰዓት 450 ሜጋባይት ብቻ ነው። ጂኤንዩ ሬዲዮ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን ያለ ችግር ይሠራል።

ውጤት ያጡበትን ምክንያት ከርቀት አንለይም፤ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚፈተሽ ግን እንነግርዎ።

የራስ ሰር ጌይን (የማጉሊያ መጠን) ማስተካከያው ተዘግቷል? ክፍት ከሆነ ተቀባዩ ጌይኑን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ ምቱን አብሮ ያደበዝዘዋል። ጌይኑን በእጅ ይወስኑና ናሙናዎቹ 0 እና 255 ላይ እንደማይጋጩ ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ሰዓት። ርካሹ ተቀባይ ክሪስታሉ ከሚሊዮን 30 እና 50 ክፍል ሊሳሳት ይችላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 0.1 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ከምቱ ስፋት ብዙ እጥፍ። ቋሚ ስሕተት ከሆነ ዑደቱን ትንሽ ወዲያና ወዲህ በመፈለግ ይታረማል። ከሙቀት ጋር የሚዋዥቅ ከሆነ ግን መፍትሔ የለውም። ሙቀት የሚያካክስ ክሪስታል ያለበትን፣ ስሕተቱ ከሚሊዮን 1 ክፍል የማይበልጠውን ይግዙና ከመቅዳትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ያብሩት።

ከዚያ ዑደቱ። በካታሎግ ያለው 0.253065 ሰከንድ በፀሐይ ሥርዓት የክብደት ማዕከል ላይ የሚለካ ነው። መሬት በምሕዋሯ ስትሮጥ በኅዳርና በግንቦት ልዩነቱ ከሚሊዮን 100 ክፍል ይደርሳል። በእያንዳንዱ ዑደት 25 ማይክሮሰከንድ ማለት ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 14,225 ዑደቶች ስላሉ ተጠራቅሞ 0.36 ሰከንድ ይሆናል፣ ከአንድ ሙሉ ዑደት በላይ። በየካቲት አጋማሽ ወደ ዜሮ ቢጠጋም በየቀኑ ከሚሊዮን 1.7 ክፍል ያህል ይለወጣል። የዚያን ሌሊትና የቦታዎን ዑደት ቴምፖ በሚባለው ፕሮግራም ያስሉ። የትናንቱን ለዛሬ አይጠቀሙ።

በመጨረሻ የፋይሉ ራስጌ፣ ማለትም ስለ ቀረጻው የሚገልጸው የመግቢያ ክፍል። በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ይዘገያል፤ በዚህ ፑልሳር የዲስፐርሽን መጠን 2.97 ስለሆነ በ150 እና በ152 ሜጋኸርዝ መካከል 14.3 ሚሊሰከንድ ነው፣ ከምቱ ስፋት ጋር እኩል ማለት ይቻላል። የቻናሎቹ ቅደም ተከተል በራስጌው ላይ ከተገለበጠ ፕሮግራሙ መዘግየቱን ከማረም ይልቅ እጥፍ ያደርገዋል። ከላይኛው ፍሪኩዌንሲ ከጀመሩ የቻናሉ ስፋት በቅናሽ ምልክት መጻፍ አለበት። ከሁለቱ ጠርዝ ሁለት ሁለት ቻናል ደግሞ ይጣሉ፤ እዚያ ፊልተሩ ስለሚደክም ጫጫታ ብቻ ነው ያለው።

ዩኤስቢውም ናሙና ሊጥል ይችላል። የፋይሉን መጠን ከሰዓቱ ጋር ያነጻጽሩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ 100 ሚሊሰከንድ ከጎደለ የቀሪው ምት ሁሉ ቦታው ይዛነፋል። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፤ ቻርጀሩና የሶላር ኢንቨርተሩ በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ ክፉ ጫጫታ ያወጣሉ።

ጥያቄ፦ ምቶቹን ስንደራርብ ጉብታ አገኘን! ፑልሳሩ መሆኑን በምን እናውቃለን? (ከላይ ያሉት ተማሪዎች፣ በሁለተኛ ደብዳቤ)

መልስ፦ ጉብታ ማግኘት ቀላል ነው። ዑደቱን፣ የዑደቱን ለውጥና ዲስፐርሽኑን በሰፊው የፈለገ ሰው ከንጹሕ ጫጫታም ከጫጫታው 5 እጥፍ የሆነ ጉብታ ማውጣት አያቅተውም። ፍለጋችሁን ካሰላችሁት ዑደት ከሚሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ወዲያና ወዲህ ወስኑት።

ቀረጻውን ለሁለት ክፈሉት፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ምቱን በአንድ ቦታ ማሳየት አለባቸው። ባንዱንም ለሁለት ክፈሉት። ከዚያ በማግስቱ በ4 ደቂቃ ቀድማችሁ ቅዱ፤ ፑልሳሩ ከእይታው ከወጣ ከሁለት ሰዓት በኋላም አንድ ቀረጻ ውሰዱ። በዚያኛው ምቱ ከታየ የጎረቤት ዕቃ ነው።

እጅግ የሚያሳምነው ፈተና ዲስፐርሽኑ ነው። ከምድር የሚመጣ ጣልቃ ገብ ሲግናል ዲስፐርሽኑ ዜሮ ላይ ይጎላል፤ የእናንተው 3 አካባቢ መጉላት አለበት። እዚህ ላይ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መምረጣችሁ ይክሳችኋል፦ ይኸው ፑልሳር በ408 ሜጋኸርዝ ቢቀዳ በ2 ሜጋኸርዝ ውስጥ መዘግየቱ 0.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ዜሮንና 3ን መለየት አይቻልም ነበር።

አንድ ሌሊት ጎልቶ በሌላው ቢጠፋ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ቢ0950+08 በመንገዱ ባለው ጋዝ ምክንያት ድምቀቱ ክፉኛ ይዋዥቃል፤ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ የሚደምቅባቸው ሌሊቶች አሉ። አሥር ሌሊት ቅዱ።

ጥያቄ፦ በምድር ወገብ አካባቢ አየኖስፌር (ኤሌክትሪክ ያዘለው የላይኛው አየር) ሲግናል ያናውጣል ይባላል። ለእኛ ችግር አይሆንም? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ይሆናል፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ በዚያ ሰዓት የአየኖስፌር አረፋዎች ይነሣሉ፤ መጋቢትና መስከረም አካባቢ፣ ፀሐይም በምትበረታባቸው ዓመታት ይብሳሉ። የታኅሣሥና የጥር ቀረጻ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሆኑ ጥሩ የሚሆነው ለዚህም ነው።

በሌላ በኩል የሚጠቅም ነገር አለ። የዚህ ፑልሳር ሞገድ በአንድ አቅጣጫ በብርቱ የተወዛወዘ ነው፤ የእርስዎ ዳይፖል ደግሞ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ይቀበላል። ሌላ አገር ቢሆን አየኖስፌሩ አቅጣጫውን እያዞረ ሲግናሉን ያጎላዋል ያደበዝዘዋል። እኛ ዘንድ መግነጢሳዊ መስመሩ ከመሬት ጋር ትይዩ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ከላይ የሚመጣውን ሞገድ እምብዛም አያዞረውም። ከአናት ራቅ ወዳለ አቅጣጫ ሲያዩ ግን ይህ ጥቅም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ይህንኑ አንቴና እስራኤል ውስጥ መትከል እችላለሁ? ወንድሜ ደግሞ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ እርስዎ ዘንድ ፑልሳሩ ከአናት 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያልፋል። የዳይፖሎቹን ረድፎች ምሥራቅና ምዕራብ አድርገው ወደ ደቡብ በሄዱ ቁጥር በየረድፉ ገመድ ያርዝሙ፤ 1.4 ሜትር በ24 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ 57 ሴንቲሜትር ነው፣ ሞገዱ በገመድ ውስጥ ስለሚዘገይ በ0.82 አባዝተው 47 ሴንቲሜትር ይቁረጡ። የደቡቡ ረድፍ ረጅሙን ገመድ ይይዛል። ገልብጠው ከሰጡት አንቴናው ወደ ሰሜን ያያል።

ወንድምዎ ዘንድ ማዘንበሉ 31 ዲግሪ ስለሚደርስ በ1.4 ሜትር ርቀት አንቴናው ወደ አድማስ ሁለተኛ ዓይን ያወጣል፤ ርቀቱን ወደ 1.2 ሜትር ያጥብበው፣ የገመዱ ጭማሪ 51 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይሁንና አሜሪካ ውስጥ 150 ሜጋኸርዝ ለሬዲዮ አስትሮኖሚ የተመደበ አይደለም፣ በመገናኛ ሬዲዮ የተጨናነቀ ነው። ለእሱ ከ406.1 እስከ 410 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድና ቢ0329+54 ይሻሉታል፤ ከዚያ ሆኖ ሲታይ ፑልሳሩ ከአናት 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ያልፋል።

ጥያቄ፦ ተቀባዩን ከውጭ ለማስመጣት ፈቃድ ያስፈልጋል? (ከጅማ)

መልስ፦ አያስተላልፍም፣ ይቀበላል እንጂ። ቢሆንም የሬዲዮ መሣሪያ ስለሆነ ከማዘዝዎ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ይጠይቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ዕቃው ጉምሩክ ከገባ በኋላ መጠየቅ ጊዜ ይበላል።